የባክአፕ ሶፍትዌር ዳታቤዝ፦ ሁለገቡ ወይስ ለሥራው ተብሎ የተሠራው?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ባክአፕ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ወይም ሊያቆሙ ላሰቡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። «ሁለገብ» የምንለው እንደ ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ዲቢ2 እና ኤስኪውላይት ያለውን፣ ለማንኛውም ሥራ የሚውለውን ዳታቤዝ ነው። «ልዩ» የምንለው ደግሞ የባክአፕ ሶፍትዌሩ ሠሪዎች ለራሳቸው ሥራ ብቻ ብለው የጻፉትን የመዝገብ አያያዝ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባክአፕ ሶፍትዌር ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል? ፋይሉን መቅዳት ብቻ አይበቃም?

ለመቅዳቱ ይበቃል፤ ለመመለሱ ግን አይበቃም። የሒሳብ ክፍሉ ከሦስት ወር በፊት የነበረውን የደመወዝ ሰንጠረዥ ሲጠይቅ፣ ሶፍትዌሩ ፋይሉ ከየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ፎልደር፣ በየትኛው ቀን ባክአፕ እንደተወሰደ፣ አሁን ደግሞ በየትኛው ቮልዩም (ባክአፕ በሚጻፍበት ቴፕ ወይም የዲስክ ፋይል) ላይ ከየት ጀምሮ እንደተቀመጠ ማወቅ አለበት። ይህን የሚይዘው መዝገብ ካታሎግ ይባላል። ባኩላ በሚባለው የባክአፕ ሶፍትዌር ብንመለከት፣ «ፓዝ» የሚባለው ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ፎልደር ስም አንዴ ብቻ ይይዛል፤ «ፋይል» የሚባለው ለእያንዳንዱ ባክአፕ ለተደረገ ፋይል አንድ ረድፍ ይመዘግባል፤ «ጆብሚዲያ» የሚባለው ደግሞ ሥራውን ከቮልዩሙ ጋር ያገናኛል።

ዲዱፕሊኬሽን (ተመሳሳይ ዳታን አንዴ ብቻ ማስቀመጥ) ካለ ሁለተኛ መዝገብ ይጨመራል። ዳታው ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ የጣት አሻራ ይወጣለታል፤ መዝገቡ የሚጠየቀው «ይህ አሻራ ከዚህ በፊት አለ ወይስ የለም?» ተብሎ ነው። ካታሎጉን በቀን ጥቂት ጊዜ ሰው ይጠይቀዋል። የአሻራ መዝገቡን ግን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ማሽን ይጠይቀዋል። ከታች ያለው መልስ በሙሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

የትኛው ሶፍትዌር የትኛውን ይጠቀማል?

ባኩላ በፖስትግሬስ ወይም በማይኤስኪውኤል ይሠራል። ከባኩላ ተገንጥሎ በ2010 የተጀመረው ባሪዮስ ከስሪት 21 ወዲህ ፖስትግሬስን ብቻ ነው የሚቀበለው። ቪም ለዓመታት በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከቆየ በኋላ በ2023 በወጣው ስሪት 12 ፖስትግሬስን ጨምሯል። ዱፕሊካቲና ዩርባክአፕ ኤስኪውላይት ይጠቀማሉ።

በሌላው ወገን ሬስቲክ፣ ቦርግና ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር አሉ። እነዚህ ለካታሎጋቸው የዳታቤዝ ሰርቨር የላቸውም፤ መዝገቡን ራሱ ባክአፑ ባለበት ቦታ፣ በራሳቸው የፋይል አሠራር ያስቀምጣሉ። ባክአፕፒሲ ደግሞ የፋይል ሲስተሙን ራሱን እንደ ዳታቤዝ ነበር የሚጠቀምበት። እስከ ስሪት 3 ድረስ ተመሳሳይ ፋይሎችን በሃርድ ሊንክ ያያይዛቸው ስለነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሊንኮች ያሉበትን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ትልቅ ፈተና ነበር። ስሪት 4 ሃርድ ሊንኩን ትቶ በቆጠራ መዝገብ ተክቶታል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ለካታሎግ ሁለገቡ ይሻላል፤ በተለይ ፖስትግሬስ። ቁራጮቹ ትንንሽ ለሆኑበት የአሻራ መዝገብ ልዩው ይሻላል። ይህንን ስንል ግን ሶፍትዌር ሲመርጡ ከዳታቤዙ ዓይነት በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ መዝገብ ዛሬ ሌሊት ቢጠፋ፣ ከባክአፑ ብቻ ተነሥቶ መልሶ መገንባት ይቻላል? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ሶፍትዌር ውስጡ ምንም ዓይነት ዳታቤዝ ቢኖር ይመረጣል።

ለዲዱፕሊኬሽን ፖስትግሬስን ብጠቀም ምን ይሆናል?

በቁጥር እንየው። 10 ቴራባይት ዳታ በ8 ኪሎባይት ቁራጭ ቢከፋፈል 1.25 ቢሊዮን ቁራጭ ይሆናል። የእያንዳንዱ ቁራጭ አሻራ ሻ-256 በሚባለው ስሌት ሲሰላ 32 ባይት ነው፤ አሻራው ብቻውን 40 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በፖስትግሬስ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ 23 ባይት ራስጌ፣ የ4 ባይት ጠቋሚ፣ የቁራጩ አድራሻና የኢንዴክሱ ድርሻ ስለሚጨመርበት ከ100 ባይት ያልፋል። ጠቅላላው ከ125 ጊጋባይት በላይ ነው። ይህ በአብዛኛው ሰርቨር ራም ውስጥ አይገባም።

ራም ውስጥ ካልገባ ወደ ዲስክ መሄድ ግድ ነው። አሻራ ደግሞ በባሕርዩ የተበታተነ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁራጮች አሻራቸው በኢንዴክሱ ውስጥ በጣም ተራርቆ ይገኛል፤ ካሽ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ያህል የተበታተኑ ንባቦችን ብቻ ይችላል። 100 ሲባዛ በ8 ኪሎባይት፣ በሰከንድ 800 ኪሎባይት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 10 ቴራባይቱን ለመጨረስ 145 ቀን ያስፈልጋል።

ለሥራው የተሠሩት ስልቶች ይህንን በሁለት ብልሃት ያልፉታል። አንደኛው ብሉም ፊልተር ነው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ 10 ቢት ብቻ በመያዝ «ይህ በእርግጠኝነት የለም» ወይም «ሳይኖር አይቀርም» ይላል፤ በዚህ መጠን የሚሳሳተው ወደ 1 በመቶ ነው። ለ1.25 ቢሊዮን ቁራጭ 1.6 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ቁራጭ ሲመጣ በአብዛኛው ዲስክ አይነካም። ሁለተኛው ብልሃት ቅደም ተከተልን መጠቀም ነው። ትናንት ተከታትለው የመጡ ቁራጮች ዛሬም ተከታትለው ይመጣሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሲገኝ አብረውት የተጻፉት የጎረቤቶቹ አሻራዎች በሙሉ በአንድ ንባብ ወደ ራም ይነሣሉ። የባክአፕ ማከማቻ አምራቹ ዴታ ዶሜይን በ2008 እነዚህን ሁለቱን ያጣመረ አሠራሩን ይፋ ሲያደርግ፣ ወደ ዲስክ የሚሄደው ፍለጋ እስከ 99 በመቶ እንደሚቀር አሳይቷል።

የቁራጩ መጠን ሲያድግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቦርግ በአማካይ ወደ 2 ሜጋባይት ነው የሚቆርጠው፤ 10 ቴራባይት 4.8 ሚሊዮን ቁራጭ ያህል ብቻ ይሆናል። ፕሮክስሞክስ ለቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ቋሚ 4 ሜጋባይት ስለሚጠቀም ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል። ይህን ያህሉን ማንኛውም ዳታቤዝ ይችለዋል። በቦርግ የቁራጩን መጠን ወደ 64 ኪሎባይት ማውረድ ለሚፈልጉ፣ የቦርግ ሰነድ ራሱ ለ1 ቴራባይትና ለ1 ሚሊዮን ፋይል የራም ፍጆታው ከ0.31 ጊጋባይት ወደ 2.8 ጊጋባይት እንደሚያድግ አስልቶ አስቀምጧል። የቁራጭ መጠንን ሳያሰሉ መነካካት ባክአፕ ሰርቨር ራም ጨርሶ እንዲቆም ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው።

ልዩው ይህን ያህል ፈጣን ከሆነ ትልልቆቹ አምራቾች ለምን ወደ ሁለገቡ ዞሩ?

የካታሎግ ችግር ፍጥነት ብቻ ስላልሆነ ነው። የአይቢኤም ቲቮሊ ስቶሬጅ ማኔጀር ጥሩ ምሳሌ ነው። እስከ ስሪት 5.5 ድረስ የራሱ ውስጣዊ ዳታቤዝ ነበረው፤ ትልቁ መጠኑ 530 ጊጋባይት ነበር። ጣሪያው ላይ የደረሰ ድርጅት ሁለተኛ ሰርቨር አቁሞ ደንበኞቹን ከመከፋፈል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። መዝገቡ ሲጎዳ የሚደረገው የኦዲት ሥራ ደግሞ ሰርቨሩን አቁሞ የሚካሄድ ሆኖ ሰዓታት፣ ሲብስም ቀናት ይወስድ ነበር። በ2009 በወጣው ስሪት 6.1 ዲቢ2 ገባ። በዚህም ጣሪያው ከፍ አለ፤ በኤስኪውኤል ሪፖርት ማውጣት ቀለለ። በልዋጩ የራም ፍላጎቱ አደገ፤ የሰንጠረዥና የኢንዴክስ ሪኦርግ (መልሶ ማደራጀት) የሚባል አዲስ የቤት ሥራም መጣ። የቁራጭ አሻራውም እዚያው ዲቢ2 ውስጥ ስለሚገባ፣ አይቢኤም ለዳታቤዙ ኤስኤስዲ እንዲመደብ ይመክራል። ከላይ ያለው የ145 ቀን ስሌት ምክሩ ከየት እንደመጣ ያስረዳል።

ኔትወርከር የሚባለው የባክአፕ ሶፍትዌርም በስሪት 9 የሚዲያ ዳታቤዙን ዊስ ከሚባለው የራሱ አሠራር ወደ ኤስኪውላይት አዛውሯል፤ የእያንዳንዱን ማሽን የፋይል ዝርዝር ግን እንደቀድሞው በራሱ ኢንዴክስ ይዞታል። ይህ ድብልቅ አሠራር ስሜት ይሰጣል፦ ጥቂትና ውድ የሆነው መዝገብ አስተማማኝ ግብይት ወዳለው ዳታቤዝ ሄደ፣ ብዙና ተደጋጋሚ የሆነው በቀላል ፋይል ቀረ።

ሌላው ምክንያት ሰው ነው። ፖስትግሬስ ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው በየከተማው አለ፣ መልሱም በየመድረኩ ተጽፏል። የአንድ ኩባንያ ውስጣዊ ዳታቤዝ ሲበላሽ የሚጠራው ያ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የድጋፍ ውሉ ካለፈበት ደግሞ እሱም የለም።

ካታሎጉ ስንት ቦታ ይፈልጋል?

በባኩላና በባሪዮስ ለአንድ የፋይል ረድፍ 150 ባይት ያህል ብሎ ማስላት የቆየ ልማድ ነው። 10 ማሽኖች፣ እያንዳንዳቸው 500,000 ፋይል አላቸው እንበል። አንድ ሙሉ ባክአፕ 5 ሚሊዮን ረድፍ ነው። በወር አንዴ ሙሉ ተወስዶ ለ6 ወር ቢቆይ 30 ሚሊዮን። በየቀኑ 2 በመቶው ቢለወጥ 100,000 ረድፍ፣ በ180 ቀን 18 ሚሊዮን። ጠቅላላ 48 ሚሊዮን ረድፍ፣ ማለትም 7.2 ጊጋባይት። ኢንዴክሱ፣ የሞቱ ረድፎችና ለጥገና የሚያስፈልገው ትርፍ ቦታ ሲታሰብ 20 ጊጋባይት ይመድቡ።

ወሳኙ የዳታው ክብደት ሳይሆን የፋይሉ ብዛት መሆኑን ልብ ይበሉ። 4 ቴራባይት የቪዲዮ ማኅደር ጥቂት ሺህ ረድፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 50 ጊጋባይት የኢሜይል ሰርቨር ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ፋይል ከሆነ ሚሊዮኖችን ያስመዘግባል።

ዳታቤዙ ጠፋ። ባክአፑም አብሮ ጠፋ ማለት ነው?

አይደለም፤ ግን ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ በሶፍትዌሩ ይለያያል፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው።

በባኩላና በባሪዮስ ቢስካን የሚባለው መሣሪያ ቮልዩሞቹን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ካታሎጉን መልሶ ይገነባል። አንድ ኤልቲኦ-6 ቴፕ 2.5 ቴራባይት ይይዛል፤ በሰከንድ 160 ሜጋባይት ሲነበብ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። አሥር ቴፕ ካለዎት 43 ሰዓት ያለማቋረጥ ማንበብ ነው፤ ያውም ቴፑ በሙሉ ፍጥነቱ ከሄደ። የትኛው ባክአፕ በየትኛው ቮልዩም ላይ እንዳለ የሚናገረው ቡትስትራፕ ፋይል በእጅዎ ካለ ግን ካታሎግ ሳያስፈልግ ቢኤክስትራክት በሚባለው መሣሪያ የሚፈለገውን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

ሬስቲክ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ዳታውን በያዘው በእያንዳንዱ ፓክ ፋይል ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ስላለ፣ «ሪፔር ኢንዴክስ» የሚለው ትእዛዝ ያንን ዝርዝር ብቻ እያነበበ ኢንዴክሱን ያድሳል፤ ዳታውን በሙሉ ማውረድ አይጠበቅበትም። በቦርግም በደንበኛው ማሽን ላይ ያለው ካሽ ቢሰረዝ ከማከማቻው ተመልሶ ይሠራል። በፕሮክስሞክስ የእያንዳንዱ ባክአፕ የኢንዴክስ ፋይል ከቁራጮቹ ጋር በአንድ ዴታስቶር ውስጥ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ከተረፈ መዝገቡም ተርፏል። ቪምም የባክአፕ ፋይሉ ውስጥ የራሱን ገላጭ መረጃ ስለሚይዝ፣ በአዲስ ሰርቨር ላይ ፋይሎቹን ማስገባትና ሪስቶር ማድረግ ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ዱፕሊካቲ ነው። ኤስኪውላይት ዳታቤዙ በደንበኛው ማሽን ላይ ነው ያለው። ማሽኑ ሲጠፋ ዳታቤዙን መልሶ የመገንባቱ ሥራ መጀመሪያ ዲሊስትና ዲኢንዴክስ የሚባሉትን ትንንሽ ፋይሎች ያወርዳል። ከዲኢንዴክሶቹ የጎደለ ወይም የተበላሸ ካለ ግን ዲብሎክ የሚባሉትን የዳታ ፋይሎች ማውረድ ይጀምራል። 500 ጊጋባይት ባክአፕ በ50 ሜጋባይት ሲከፋፈል 10,000 ፋይል ነው፤ ሁሉንም በ10 ሜጋቢት መስመር ለማውረድ 4 ቀን ተኩል ያልፋል። መድኃኒቱ የዱፕሊካቲን ዳታቤዝና የሥራ ቅንብሩን ኤክስፖርት አድርጎ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ካታሎጉን ራሱን እንዴት ባክአፕ አደርጋለሁ?

በባኩላ ወይም በባሪዮስ ላሉ፣ ከፖስትግሬስ ጋር፦

ባክአፕካታሎግ የሚባለው ሥራ ከሶፍትዌሩ ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አይሰርዙት። ቅድሚያው 11 ነው፤ ሌሎቹ ሥራዎች 10 ናቸው፤ ስለዚህ ከሁሉም በኋላ ይሮጣል። ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ቀድሞ ቢሮጥ ኖሮ የዛሬው ሌሊት ባክአፕ በመዝገቡ ውስጥ አይኖርም ነበር።

ቡትስትራፕ ፋይሉ ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ብቻ እንዳይቀር በኢሜይል ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ማሽን ይላክ። ካታሎጉ በየትኛው ቮልዩም ላይ እንዳለ የሚነግርዎ እሱ ነው። ሰርቨሩ ተቃጥሎ ቡትስትራፑም አብሮ ከጠፋ፣ የካታሎግ ባክአፕ እያለዎት የት እንዳለ አያውቁም።

ከዚህ በተጨማሪ በፒጂዳምፕ፣ በከስተም ፎርማት፣ በየቀኑ አንድ ቅጂ ወደ ሌላ ማሽን ያውጡ። ይህ ፎርማት የተጨመቀ ከመሆኑም በላይ በፒጂሪስቶር ሲመለስ በ4 ወይም በ8 መስመር በአንድ ጊዜ ይጫናል። የዳይሬክተሩን፣ የስቶሬጁንና የደንበኞቹን የቅንብር ፋይሎች፣ የኢንክሪፕሽን ቁልፎችንም ጨምሩ። ካታሎግ ኖሮ ቁልፍ ከሌለ ያለው የፋይል ስም ዝርዝር ብቻ ነው።

በወር አንዴ ይሞክሩት፦ በሌላ ማሽን ላይ ባዶ ዳታቤዝ ይፍጠሩ፣ ዳምፑን ይጫኑ፣ በ«ጆብ» ሰንጠረዥ ውስጥ የመጨረሻው ሥራ የትናንቱ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያም አንድ ትንሽ ፋይል ሪስቶር ያድርጉ። የፈጀውን ሰዓት ይጻፉት። አደጋ በደረሰ ቀን አለቃዎ የሚጠይቅዎ ያንን ቁጥር ነው።

በቪም የቅንብር ባክአፑ በኢንክሪፕሽን ካልተወሰደ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች አብረው አይገቡም፤ ሰርቨሩን መልሰው ካቆሙ በኋላ ሁሉንም በእጅ ማስገባት ይኖርብዎታል። ኢንክሪፕሽኑን ያብሩት። በቦርግ ቁልፉ በደንበኛው ማሽን ላይ የሚቀመጥበትን አማራጭ ከመረጡ ቁልፉን ኤክስፖርት አድርገው በወረቀት ጭምር ያስቀምጡ።

የድሮ ሥራዎችን ሰረዝኩ፤ የዳታቤዙ መጠን ግን አልቀነሰም። ለምን?

ፖስትግሬስ ረድፍ ሲሰረዝ ቦታውን ወዲያው ለዲስኩ አይመልስም። ረድፉ «የሞተ» ተብሎ ይቆያል፣ ቫክዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ ሲያልፍበት ቦታው ለአዲስ ረድፍ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ባይቀንስም ማደጉን ካቆመ ሁሉም ደህና ነው።

ማደጉን ካላቆመ ኦቶቫክዩም (በራሱ የሚሮጠው ቫክዩም) አልደረሰበትም ማለት ነው። በነባሪ ቅንብሩ የሰንጠረዡ 20 በመቶ እስኪሞት ይጠብቃል። 200 ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ ይህ 40 ሚሊዮን የሞተ ረድፍ ነው። ለ«ፋይል» ሰንጠረዥ ብቻ መጠኑን ወደ 0.02 (2 በመቶ) ዝቅ ያድርጉት። ቫክዩም ፉል ቦታውን በእርግጥ ለዲስኩ ይመልሳል፤ ነገር ግን ሰንጠረዡን በአዲስ ስለሚጽፈው የዚያን ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ እስኪጨርስም ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ይቆልፋል። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ቫክዩም ፉልን መሞከር ከዘገየ በኋላ መነሣት ነው። ባክአፕ በማይሮጥበት ሰዓት፣ ቦታ ሳለ ያድርጉት። በኤስኪውላይትም በነባሪ ቅንብሩ ቫክዩም የሚለው ትእዛዝ ካልተሰጠ ፋይሉ አይቀንስም።

ፕሮክስሞክስ ላይ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል። ባክአፕ ከሰረዙ በኋላ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (ማንም የማይጠቀምባቸውን ቁራጮች የሚያጠፋው ሥራ) እስኪሮጥ ቦታ አይለቀቅም፤ ከሮጠም በኋላ ባለፉት 24 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ውስጥ የተነኩ ቁራጮችን አያጠፋም። ዛሬ ሰርዘው ዛሬ ቦታ ካላገኙ ነገ እንደገና ያስኪዱት።

ዳታው ተቀድቶ አልቋል፤ ሥራው ግን «አትሪቢዩት እያስገባ ነው» ብሎ ለሰዓታት ይቆማል።

ባኩላ ላይ የተለመደ ነው። ዳታው ቴፕ ላይ ገብቷል፤ የቀረው ሚሊዮን ረድፎችን ወደ ካታሎጉ ማስገባት ነው። በቅደም ተከተል የሚታዩት፦ የፖስትግሬስ ሼርድ በፈርስ (የራም ካሹ መጠን) በነባሪው 128 ሜጋባይት ላይ እንዳለ ነው? ለዳታቤዙ በተመደበ ማሽን ላይ ወደ ራሙ ሩብ ያሳድጉት። ማክስ ዋል ሳይዝ (የለውጥ መዝገቡ፣ ማለትም የዋል፣ ጣሪያ) በ1 ጊጋባይት ላይ ካለ ቼክፖይንት (በራም ያለውን ለውጥ ወደ ዲስክ ማውረድ) በላይ በላይ ይመጣል፤ ወደ 4 ወይም 8 ያድርጉት። ዳታቤዙ ከባክአፕ ቮልዩሞቹ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ከሆነ ይለያዩት፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። በመጨረሻም «ፋይል» ሰንጠረዥ ላይ ከሶፍትዌሩ ጋር ያልመጣ ኢንዴክስ እንዳለ ይፈትሹ። አንድ ሰው ለሪፖርት ብሎ የጨመረው ኢንዴክስ እያንዳንዱን የማስገባት ሥራ ያከብደዋል።

ለፍጥነት ብለው ኤፍሲንክን (ዳታው በእርግጥ ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን ቅንብር) አያጥፉ። በእርግጥ ይፈጥናል፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ካታሎጉ ላይነሣ ይችላል።

ኤስኪውላይት ለእኔ ይበቃኛል?

ለአንድ ማሽን ወይም ለትንሽ ቢሮ አዎ። ሦስት ነገር ብቻ ያስተውሉ። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሥራ በአንድ ላይ ሲሮጥ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል መልእክት ይመጣል። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ አያስቀምጡት፤ የመቆለፊያ አሠራሩ እዚያ አስተማማኝ ስላልሆነ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሶፍትዌሩ እየሠራ ፋይሉን በተራ ኮፒ አይቅዱ፤ ከጎኑ ባለው የዋል ፋይል ውስጥ ያልተጠቃለለ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። በምትኩ ከ3.27 ስሪት ወዲህ ያለውን «ቫክዩም ኢንቱ» ይጠቀሙ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ላይ ያለው ቪም ቆመ። ምን ላድርግ?

እስከ 2022 እትም ድረስ ኤክስፕረስ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ጣሪያ አለው፣ ለካሽ የሚጠቀመውም ራም 1,410 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ አዲስ ነገር አይጻፍም፤ ሥራዎቹም ይወድቃሉ። ለጊዜው የድሮ ሥራዎችን ታሪክ የማቆያ ጊዜ ያሳጥሩ። ለዘለቄታው መጀመሪያ ወደ ስሪት 12 ያሳድጉ፣ የቅንብር ባክአፕ ይውሰዱ፣ ከዚያም በቅንብር ሪስቶሩ ውስጥ ፖስትግሬስን መድረሻ አድርገው ይመልሱት። ፖስትግሬስ የመጠን ጣሪያም የፈቃድ ክፍያም የለበትም።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ችግር ይፈጥራሉ?

በትክክል ከተዘጋጀ አይፈጥሩም። የባኩላ ካታሎግ በፖስትግሬስ ሲፈጠር ኢንኮዲንጉ ኤስኪውኤል-አስኪ መሆን አለበት። ይህ «እንግሊዝኛ ብቻ» ማለት አይደለም፤ «ባይቱን እንደመጣ ተቀበል፣ አትመርምር» ማለት ነው። በሊኑክስ የፋይል ስም ማንኛውም ባይት ሊሆን ስለሚችል፣ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ የተፈጠረ ዳታቤዝ አንድ የተበላሸ ስም ሲያጋጥመው ማስገባቱን ይከለክላል፤ ሥራውም ይወድቃል።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ኤክስት4 ለአንድ ስም 255 ባይት ስለሚፈቅድ ጣሪያው 85 ፊደል ነው። «የ2016 በጀት ዓመት የመጨረሻ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት» ከሚለውም እጅግ የሚረዝም ስም የሚሰጡ ቢሮዎች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሪስቶር ሲያደርጉ ይህ ጣሪያ ሊገጥማቸው ይችላል።

ካታሎጉ ውስጥ በኤስኪውኤል ሲፈልጉ ሁለት ነገር ይያዙ። ኢንኮዲንጉ ኤስኪውኤል-አስኪ ሲሆን የአንድ ፊደል ምትክ የሆነው የታች ሰረዝ አንድ ባይትን ነው የሚተካው፤ ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ሰረዝ ያስፈልጋል። በመቶኛ ምልክቱ መፈለግ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ዳታቤዙ ሞክሼ ፊደላትን አያውቅም። «ጸሐፊ» ብሎ የፈለገ ሰው «ፀሀፊ» ተብሎ የተቀመጠውን አያገኝም፤ ፋይሉ የለም ብለው ከመደምደምዎ በፊት በሁሉም አጻጻፍ ይሞክሩ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የማሻሻያ ወጥመድ አለ። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ በስሪት 2.28 የፊደል ቅደም ተከተል ደንቡን ስለለወጠ፣ ከአሮጌ ሲስተም ወደ ዴቢያን 10 ወይም ሬድሃት 8 የተሻገረ ፖስትግሬስ የጽሑፍ ኢንዴክሶቹ ሊዛቡና ያለውን ረድፍ «የለም» ሊል ይችላል። ኮሌሽኑ (ዳታቤዙ የሚጠቀምበት የፊደል ቅደም ተከተል ደንብ) «ሲ» ከሆነ ይህ አይነካዎትም። ሌላ ከሆነ ከማሻሻያው በኋላ ሪኢንዴክስ ያድርጉ።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቦታ የትኛው ይመረጣል?

ፖስትግሬስ፣ የማይኤስኪውኤል የአሁኑ የሰንጠረዥ ዓይነት የሆነው ኢንኖዲቢና ኤስኪውላይት ሦስቱም ከድንገተኛ መጥፋት በራሳቸው ይነሣሉ፤ ማይአይሳም የሚባለው የድሮው የማይኤስኪውኤል ሰንጠረዥ ግን ለጉዳት የተጋለጠ ነው። አሁንም በእሱ ላይ የቆመ ካታሎግ ካለዎት ወደ ኢንኖዲቢ ይቀይሩት።

ሦስቱም የሚድኑት ግን ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ሲል እውነቱን ከሆነ ነው። ባትሪ የሌለው ሬይድ ካርድ ላይ ራይት-ባክ ካሽን ማብራት፣ ወይም መብራት ሲጠፋ በካሹ ያለውን የሚያድን ካፓሲተር የሌለው ርካሽ ኤስኤስዲ መጠቀም ይህንን ያፈርሰዋል። ዩፒኤስ ካለ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ተያይዞ፣ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ መዘጋጀት አለበት።

ባሪዮሴ አሁንም በማይኤስኪውኤል ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ስሪት 21 ልሻገር?

አይችሉም። መጀመሪያ ወደ ስሪት 20 ያሳድጉና የካታሎጉን ሰንጠረዦች ወደዚያው ስሪት ያድሱ። ባዶ የፖስትግሬስ ካታሎግ በዚያው ስሪት ይፍጠሩ። ሥራዎችን አቁመው ባሪዮስ-ዲቢኮፒ በሚባለው መሣሪያ ረድፎቹን ያዛውሩ። በሁለቱም ወገን የ«ጆብ»፣ የ«ፋይል»ና የ«ሚዲያ» ሰንጠረዦችን ረድፍ ቆጥረው ያነጻጽሩ፣ የዳይሬክተሩን ቅንብር ወደ ፖስትግሬስ ያዙሩ፣ አንድ ባክአፕና አንድ ሪስቶር ያስኪዱ። ወደ 21 የሚሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። የማይኤስኪውኤሉን ዳምፕ በካታሎጉ ውስጥ ያሉት የድሮ ቮልዩሞች ጊዜያቸው እስኪያልፍ ድረስ አይሰርዙት።